በመጋዝ የተከፈለች ደሴት

ቅዳሜ ጠዋት የደሴቲቱ ፕሬዝዳንት ሳቱርኒኖ ኮይላ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ፣ ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋና መላውን ሕዝብ ሰበሰበ። መላው ሕዝብ ማለት ሚስቱ ኒኮላሳ፣ ታናሽ ወንድሙ ሜሊቶንና የሜሊቶን ሚስት ካሲሚራ ናቸው። አሳማውም መጥቶ ከዳር ቆመ፤ እሱ ግን የመምረጥ መብት የለውም።

«የተከበራችሁ የደሴታችን ነዋሪዎች!» አለ ሳቱርኒኖ፣ ሁለት ክንድ ርቀው ለቆሙት ሰዎች ከተራራ ማዶ የሚሰማ ድምፅ አውጥቶ። «ለረጅም ጊዜ ሲጠና የቆየ አንድ ጉዳይ ነበር። እነሆ ዛሬ ውሳኔ አግኝቷል። ከአሁን በኋላ የታጠበ ልብስ የሚሰጣው በምሥራቅ በኩል ብቻ ይሆናል። አመሰግናለሁ።»

አሳማው ከእግሩ ሥር የደሴቲቱን ጫፍ ነጨት አድርጎ ያኝክ ጀመር።

የአዋጁ ምክንያት ግልጽ ነበር። ጎብኚዎችን የሚያመጣው ጀልባ የሚመጣው በምዕራብ፣ ከፔሩ የብስ በኩል ነው። ጎብኚ ደግሞ ያን ሁሉ ውኃ አቋርጦ የሚመጣው ከፊላ፣ ከሐይቁ ሸምበቆ፣ የተሠራ ቤት፣ ከፊላ የተሠራ ታንኳ፣ ከፊላ የተሠራ መሬት ለማየት ነው እንጂ የፕሬዝዳንቱን ሙታንታ ለማየት አይደለም። ይኼን ሜሊቶንም ያምናል። ችግሩ ምሥራቅ ማለት የእሱ በር መሆኑ ነው።

«ወንድም ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምሥራቅ ማለት የኔ ደጃፍ አይደለም እንዴ?»

«ምሥራቅ ምሥራቅ ነው። እኔ አይደለሁ እዚያ ያስቀመጥኩት።»

«ታዲያ ጠዋት በሬን ስከፍት ፀሐይዋ ከሙታንታህ ጀርባ ነው የምትወጣልኝ?»

«የጋሼ እንኳ ደህና» አለች ካሲሚራ። «የቀዳማዊት እመቤት አምስት ድርብ ቀሚስ ከተሰጣ ግን፣ ገና አልነጋም ብለን በዚያው ተኝተን እንቀራለን።»

ኒኮላሳ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ የመንግሥት ወገን መሆኗ ትዝ አላትና አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ሜሊቶን ኀምሳ ዓመቱን የደፈነ ሰው ነው፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፈው የወንድሙን መግለጫ በመስማት ነው። የፕሬዝዳንትነቱ ሹመት በየዓመቱ በተራ ይዞራል ይባላል። ይዞራልም፤ ዞሮ ዞሮ ግን ሳቱርኒኖ ላይ ነው የሚቆመው። ነገሩ ሲብስበት ሜሊቶን ተነስቶ «መጋዝ ይምጣና ድርሻዬን ቆርጬ ልሂድ!» ይላል። ያን ጊዜ ሳቱርኒኖ ራሱን እያከከ «ተው እንጂ፣ አንተ ልጅ» ይለዋል። በቃ። ይቺን «ተው» ካገኘ ሜሊቶን ሌላ አይፈልግም፤ አንድ ክረምት ሙሉ ታከርመዋለች። ደሴት መግዛትም፣ ፊሽካ መንፋትም አላማረውም። ወንድሙ እንዳይሄድበት የሚፈልግ መሆኑን አልፎ አልፎ መስማት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የዚያን ቀንም የፈለገው እሷኑ ነበር።

«እንግዲያው መጋዝ ይምጣ!» አለ።

ሳቱርኒኖ አንዴ ባንዲራውን፣ አንዴ የሳቀችውን ሚስቱን አየ። መንግሥት በሳቅ መሀል «ተው» አይልም።

«ይምጣ» አለ።

በዚያ ሐይቅ፣ ውኃው ላይ በሚንሳፈፉት የፊላ ደሴቶች ላይ፣ ተጣልተው አንታረቅም ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት አይሄዱም። መጋዝ አምጥተው ደሴቲቱን ለሁለት ይገዘግዟትና እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ከዳኛ ይረክሳል፣ ከሽማግሌ ይፈጥናል። የነሳቱርኒኖ አባትም ይቺን ደሴት ያገኛት ካጎቱ ቆርጦ ነው፤ አጎትየው ደግሞ ካማቹ። በሐይቁ ላይ የፊላ ደሴት እንዲህ የበዛው ሰው በዝቶ አይደለም፤ ኩርፊያ በዝቶ ነው።

መጋዙ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ከላይ አግድም እጀታ አለው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እኩል ካልሳበውና እኩል ካልተጫነው አይቆርጥም። ስለዚህ ለመለያየት በመጀመሪያ መስማማት ያስፈልጋል። በዚህ ደግሞ ሁለቱን ወንድማማቾች የሚያህላቸው አልነበረም። ከልጅነት ጀምሮ አብረው ፊላ ያጨዱ፣ አብረው ታንኳ ያሰሩ፣ አብረው መረብ የጎተቱ ናቸው።

«ሳብ!»

«ሳብኩ!»

«ጫን!»

እንዲያ እያሉ በሁለቱ ቤቶች መሀል ቀጥ ብለው ወረዱ። ከላይ ያለው አዲሱ ፊላ እንደ ዳቦ ተቆረጠ። ከሥር ያለው አሮጌው ሥር ግን እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ግንድ ጠንክሮ ነበርና ያስለፋ ጀመር።

«ወደ እኔ እያዘነበልክ ነው» አለ ሳቱርኒኖ።

«እርስዎ ነዎት የሚገፉኝ፣ ክቡር ፕሬዝዳንት።»

ሜሊቶን ከልደቱ ጀምሮ አንተ ሲለው የኖረውን ወንድሙን እርስዎ ሲለው ሳቱርኒኖ እሾህ እንደወጋው ሰው ቀና አለ። ግን «ጫን» ብቻ ነው ያለው።

ለማረፍ ቁጭ ብለው የኮካ ቅጠል ሲያኝኩ ሜሊቶን ዐይኑን ከወንድሙ አፍ ላይ አልነቀለም። ሳቱርኒኖ ላቡን ጠረገ፤ ወደ ወንድሙ ዞረ፤ አፉን ከፈተ። ሜሊቶን ይቅርታ ለማድረግ ተዘጋጀ።

«መጋዙ ዶልዱሟል» አለ ሳቱርኒኖ። «ሞረድ አምጣ።»

ሜሊቶን ሞረድ አመጣ።

ሴቶቹ በበኩላቸው የዕቃውን ክፍፍል በአንድ አፍታ ጨረሱት። ምድጃው ለኒኮላሳ ሆነ፣ ድስቱ ለካሲሚራ፤ ጨው ለኒኮላሳ፣ ድንቹ ለካሲሚራ።

«ይኼ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?» አለ ሜሊቶን።

«እኩል» አለችው ሚስቱ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሥር ተበጠሰና በሁለቱ ቤቶች መሀል ጥቁር ውኃ ብቅ አለ። ስፋቱ አንድ መዳፍ ቢሆን ነው። አሳማው ዘሎ ተሻገረ፤ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ። ሁለት አገር ያለው ፍጡር እሱ ብቻ ሆነ።

«እንኳን ለማዕረግ አበቃህ» አለ ሳቱርኒኖ ከራሱ ዳርቻ ሆኖ።

«እርስዎንም በሥልጣን ያቆይዎ» አለ ሜሊቶን ከራሱ።

የቀረው ካስማው ነበር። የፊላ ደሴት ካልተቸከለ ይሄዳል። በየዳርቻው ገመድ ታስሮበት፣ ገመዱ በሐይቁ ወለል ላይ ከተተከለ የባሕር ዛፍ ካስማ ጋር መያያዝ አለበት። ነፋሱ የሚነሳው ከምዕራብ ስለሆነ አባታቸው ካስማውን ያበዛው በምዕራብ፣ ማለትም አሁን የሳቱርኒኖ በሆነው በኩል ነው። ሳቱርኒኖ ደግሞ ብዙ ነገር ሊባል ይችላል እንጂ ሌባ አይባልም። ታንኳ ላይ ወጥቶ ከራሱ በኩል ካስማ ነቀለ፤ ገመዱን ጠቀለለ፤ አሻግሮ ወንድሙ ደጅ ላይ አስቀመጠው።

«ድርሻህ ነው።»

«ምጽዋት የለመነ ሰው አለ?» አለ ሜሊቶን። አለመለመኑን ለማሳየትም በራሱ በኩል የነበሩትን ነቅሎ፣ የመጣለትንም ጨምሮ፣ በስንጥቁ ዳር ከመራቸው።

«እኔ የወንድሜን ድርሻ በልቼ ሰው ምን ይለኛል?» አለ ሳቱርኒኖ። ሄዶም የቀሩትን ነቀለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአባታቸው ካስማ ሁሉ ከነገመዱ ስንጥቁ ዳር ተከምሮ ነበር። የማንም አልነበረም። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያነሳ ሰው ተሸናፊ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፕሬዝዳንቶች ቀጥ ብለው ወደየቤታቸው ገቡና በራቸውን ዘጉ።

«ሜሊቶን» አለች ካሲሚራ፣ «አሁን ይቺን ቤት የያዛት ምንድን ነው?»

«እሱ ይያዛት! ታላቅ አይደለ?»

በማዶ ኒኮላሳም ይኼንኑ ስትጠይቅና «ራሱ ይያዝ! ድርሻዬን እያለ አይደለ ሲጮህ የዋለው?» ስትባል ተሰማ። ክፍተቱ መዳፍ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

ሜሊቶን ወጥቶ ማየት አምሮት ነበር። ግን ወጥቶ ማየት ማለት መለመን ነው። በፊላው ግድግዳ ቀዳዳ ብቻ አጮለቀ። የወንድሙ ቤት እዚያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አጮለቀ፤ እዚያው ነው። «አልሄደም» አለ በሆዱ፣ ደስም አለው፣ ተናደደም፣ እንቅልፍም ወሰደው። ሁለት ሰዎችን አንድ ነፋስ ሲወስዳቸው፣ አንዱ ሌላውን እያየ የቆመ ይመስለዋል።

እሑድ ጠዋት የቀሰቀሰው ስልኩ ነበር። እንኳን ወደ ቦሊቪያ በደህና መጡ ይላል። ሰዓቱንም በገዛ ፈቃዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞታል።

ሜሊቶን ወጣ። የወንድሙ ቤት እዚያው፣ አጠገቡ ነው። የተለወጠው ሌላው ዓለም ነው። በየማለዳው በሩቅ ጉም ውስጥ እንደ ተኛች ላም የምትታየው የቦሊቪያዋ ደሴት ሱሪኪ የውሾቿ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ቀርባለች። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙባት የፔሩዋ ደሴት አናፒያ ወደ ኋላ ቀርታ አውራ ጣት አክላለች። ድንበሩ በሁለቱ መሀል አንድ ቦታ ላይ፣ ውኃው ላይ እንደተሠመረ በልጅነታቸው ተምረዋል። ያየው ሰው ግን የለም፤ እነሱም ሲያልፉት አላዩትም።

ሳቱርኒኖም በራሱ ዳርቻ ቆሞ ሱሪኪን ያያል።

«ክቡር ፕሬዝዳንት» አለ ሜሊቶን፣ «ደሴትዎ ሄዳለች።»

«ያንተም ከኔ አልቀረች» አለ ሳቱርኒኖ።

የሞተር ድምፅ የመጣው ያኔ ነው።

ቦሊቪያ ባሕር የላትም። ባሕር ኃይል ግን አላት፤ በጦርነት የተወሰደባት ባሕር አንድ ቀን ሲመለስ የሚቀበለው ሰው እንዳይጠፋ ነው ይላሉ። እስከዚያው ድረስ ሐይቁን ትጠብቃለች። የመጣውም መቶ አለቃ ኪስበርት የሚባል፣ የሱሪው ተኩስ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ፂሙ ለመብቀል ገና ያልወሰነ ወጣት መኮንን ነው። ከኋላው ሞተሩን የያዘ አንድ መርከበኛ አለ። እጅ ለእጅ ለመጨባበጥ የሚበቃ ርቀት ላይ ሲደርስ የድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«በቦሊቪያ የግዛት ውኃ ውስጥ ገብታችኋል! ባላችሁበት ቁሙ!»

«ብንችልማ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለች ካሲሚራ።

«የዚህ አለቃ ማን ነው?»

«እሱ ነው» አለ ሳቱርኒኖ። «ትናንት ተሹሟል።»

«እሳቸው ናቸው» አለ ሜሊቶን። «እኔ ገና ሥራውን እየለመድኩ ነው።»

መቶ አለቃው ማጉያውን ዝቅ አደረገ። «እሺ። ይኼ ነገር ራሱ ምንድን ነው? ጀልባ ነው? ጀልባ ከሆነ ታርጋው የት አለ?»

«ኧረ መሬት ነው፣ ልጄ» አለ ሳቱርኒኖ።

«መሬት ከሆነማ ባሰ! የፔሩ መሬት እዚህ ምን ይሠራል? የጎረቤት አገር መሬት ድንበር አልፎ ሲገባ ስሙ ወረራ ነው።»

«በአንድ አሳማ?» አለች ካሲሚራ።

ሳቱርኒኖ ሳል ሳል አለ። «ወረራ አይደለም። ዘመድ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ሱሪኪ አክስት አለችን።»

«ከነቤታችሁ?»

«ሰው ቤት ማስቸገር አንወድም» አለ ሜሊቶን።

ሳቱርኒኖ ወንድሙን በጎን አየው። ሳያስበው ራሱን ነቀነቀለት። ሜሊቶን ያችን ንቅነቃ ወደ ውስጥ ዋጣት፤ ከቁርስ የሚሻል ነገር ነበር።

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አወለቀና እንደ ሰው ማውራት ጀመረ። «ስሙኝ፣ አባቶች። ዛሬ እሑድ ነው። እናቴ ምሳ ይዛ ትጠብቀኛለች። አንድ ደሴት መንገድ ጠፍቷት መጣች ብል አደጋ ነው፤ ጎትቼ እመልሳችሁና ምሳው ሳይቀዘቅዝ እገባለሁ። ሁለት ደሴቶች ተከታትለው መጡ ካልኩ ግን ያ ዘመቻ ነው። ላ ፓስ ያሉት አለቆቼ መጠየቅ አለባቸው። ላ ፓስ እስኪመልስ ደግሞ እናንተ ከሥር በስብሳችሁ ትሰምጣላችሁ። አሁን ንገሩኝ፤ አንድ ናችሁ ወይስ ሁለት?»

ውኃው በስንጥቁ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ሴቶቹ መቼ እንደተነሱ ማንም አላየም፤ አሁን ግን በስንጥቁ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ድርብ ቀሚሳቸውን ዘርግተው፣ ስንጥቁንም ካስማውንም ሸፍነው ድንች እየላጡ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እዚያ የተቀመጡ ይመስላሉ።

«አንድ ነን» አለ ሳቱርኒኖ።

ሜሊቶን ቀና ብሎ ወንድሙን አየ። ቃሉ ለባሕር ኃይል እንደተባለ ያውቃል። ቢሆንም ተብሏል።

«አንድ ነን» አለ እሱም፣ ድምፁ ትንሽ ቀጥኖ።

መቶ አለቃው ለማረጋገጥ ያህል ወጣና በሚርገበገበው መሬት ላይ እየተንገዳገደ እስከ ሴቶቹ ድረስ መጣ። ቀሚሶቹን አየ።

«እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?»

«ሴቶች» አለች ካሲሚራ፣ ከድንቿ ላይ ቀና ሳትል።

መቶ አለቃው ፊቱ ቀላና ተመለሰ። «አንድ ደሴት» አለ ለመርከበኛው። በሳቱርኒኖ በኩል ያለውን ማሰሪያ ፈልጎ የመጎተቻውን ገመድ አሰረበት፤ ከዚያ ጀልባው ላይ ወጣ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በየሚስቶቻቸው ጀርባ፣ በየዳርቻቸው፣ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ይይዛል?» አለ ሜሊቶን በሹክሹክታ።

«ለምን አይይዝም? አንድ ነን አልተባለም?»

«ተብሏል።»

«እንግዲያው።»

ከካሲሚራ ቀሚስ ሥር ገመድ እንደ ጉድ ነበር። የጎደለው «ያንን ገመድ አቀብለኝ» የሚል ሰው ነው። ሜሊቶን እንዳይል፣ መጋዝ ይምጣ ያለው እሱ ነው። ሳቱርኒኖ እንዳይል፣ ይምጣ ያለው እሱ ነው። ካሲሚራ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች።

«እኔ ድንች እየላጥኩ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሞተሩ ተነሳ። የመጎተቻው ገመድ ከውኃው ወጥቶ ተወጠረ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሁለቱ ሴቶች ቀሚስ ጫፍ ከጫፍ ተላቀቀ። የድንች ልጣጭ ውኃው ላይ ጠብ አለ። ክፍተቱ ስንዝር ሆነ፤ ክንድ ሆነ። ሴቶቹ አልተነሱም፤ ወሬያቸውንም አላቋረጡም፤ ድምፃቸውን ብቻ ትንሽ ከፍ አደረጉ።

ሜሊቶን የወንድሙን አፍ አየ። አፉ ተከፍቷል፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ሳቱርኒኖ ከነምድጃው፣ ከነጨው፣ ከነባንዲራው ወደ አናፒያ እየሄደ ነው። ክፍተቱ ሁለት ክንድ አለፈ።

ሜሊቶን ተንደርድሮ ዘለለ።

ገና አየር ላይ ሳለ የዓሣና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ያለው ትልቅ ነገር በጎኑ ሽው ብሎ አለፈ። በጉልበቱ ምድጃው አጠገብ ወደቀ። ዞር ብሎ ወንድሙን ሲፈልግ ከአጠገቡ አጣው። ሳቱርኒኖ ከውኃው ማዶ፣ በሜሊቶን ደጃፍ፣ ካሲሚራ ፊት ተንበርክኮ፣ እሱም ዞር ብሎ ይፈልጋል።

ሞተሩ ጠፋ። መቶ አለቃው አንዱን ደሴት አየ፤ ሌላውን አየ፤ ከዚያ ጀልባው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ኒኮላሳ አጠገቧ የወደቀውን የባሏን ወንድም ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«ቁርስ በልተሃል?» አለችው።